ለውሃ በር

ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ መዶሻዬ አዲስ፣
ደብረ ብርሃን ሠርቼ ደብረ ሲና ስመለስ
ማን አለ ብዬ ነበር እኔ ጋ የሚደርስ።

እትዬ ሸዋፈራ
ሁለት ሙክት ሸጣ፣ ሲሚንቶ አስጭና፣
«ጓሮዬን ደግፍልኝ፣ ቁልቁለት ነውና፤
ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ይመጣል፣
ጀርባውን አዙሮ ቤቴን ይደገፋል» አለችኝ።

ገነባሁ።
እንዴት ያለ ግንብ!
ምላጭ የማያስገባ፣ ጉንዳን የማያሳልፍ፣
ቱንቢው ቀጥ ያለለት ከእግሩ እስከ አፋፍ።
ከአርማኒያ ሳይቀር ሰው መጥቶ ዳበሰው፣
«እጁን ይባርከው» አለ ያየው ሰው።
ከፊቱ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ።
ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ፣ ሽማግሌው ግንበኛ፣
በከዘራው ጫፍ ነካ ነካ አርጎ
«ውሃውስ በየት ይወጣል?» አለ እንደ ዋዛ።
«ውሃ ምን አገባው?» አልኩት።
ሳቄ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

ነሐሴ ገባ።
የጣርማበር ጉም ወርዶ ከደጃፋችን አደረ፣
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሰማዩ እንደተቀደደ ቀረ።
በአራተኛው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
ግንቤ፣ ወሯ እንደገባ ሴት፣ ሆዱ ገፋና
(ሰው እንደነገረኝ ነው፣ እኔስ ተኝቼ ነበር)
አንዴ አቃሰተና
በባቄላው ማሳ፣ በዶሮው ቆጥ ላይ
ተዘረገፈ።

ጠዋት ስደርስ
ግንቡ ተንዷል፣ እኔ ተናደድኩ።
ድንጋዩን ሰደብኩ፤ ሲሚንቶ የሸጠልኝን፣
ዝናቡን፣ ቁልቁለቱን፣ ዓይኑን የጣለብኝን፤
ከራሴ በስተቀር ያልሰደብኩት የለም።
የደሴው አውቶቡስ ጡሩምባው ሲሰማኝ
«ተሳፈርና ጥፋ» የሚል ሐሳብ ጠለፈኝ፤
ኮምቦልቻ ደርሼ ሌላ ግንብ ልገነባ፣
ያንኑ የመሰለ፣ ምላጭ የማያስገባ።

ጋሽ ወንድይፍራው መጣ።
«ነግሬህ ነበር» የሚል ቃል አልወጣውም።
ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣ እጁን እስከ ክርኑ
በተናደው አፈር ከተተና
«እዚህ ጋ» አለ፣ «እዚህ ጋ ነው ውሃው ሲለምንህ ያደረ።
በር ስጠኝ አለህ፣
አንተ ድንጋይ ሰጠኸው።
እኔም ሰጥቼው ነበር፣ መዘዞ፣ በጎረምሳነቴ፤
የሰው በሬ ሄደ። አንተ በዶሮ ተገላገልህ።»

እትዬ ሸዋፈራ ላባ እየለቀመች፣
ቀና ብላም ሳታየኝ
«ሙክቶቼን አልጠይቅህም» አለች፤
«ድንጋዩ እንደሆነ አልሸሸም፣ እዚሁ ነው።
አንተስ?»

ጥቅምትን ሙሉ ለቀምኩ። አንድ አንዱን ድንጋይ
ከባቄላው ሥር አውጥቼ አጠብኩ፣
በየትኛው ጎኑ እንደሳትኩት ጠየቅሁ።
ግንቡን ወደ ዳገቱ ጥቂት አዘነበልኩ፣
ከጀርባው ጠጠር ሞላሁ፣
ሰባት ቀዳዳ ተውኩ፣ ክንድ የሚያሳልፍ።
አሁን የሚዳብሰው ሰው አልመጣም፤
«ምነው ተበሳሳ?» አለ አንዱ አልፎ ሂያጅ።

በሚቀጥለው ነሐሴ አልተኛሁም።
ላስቲክ ተከናንቤ፣ ባትሪ ይዤ ከሥሩ ቆምኩ።
ውሃው መጣ።
መጀመሪያ ከሦስተኛው፣ ድፍርስ፤
ከዚያ ከአንደኛው፣ ከአምስተኛው...
ስድስቱ ሲያወሩ ቆጠርኩ፤
ሰባተኛው ዝም።
ዛሬም ዝም ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
በየሐምሌው እንጨት ይዤ ሄጄ እጎረጉረዋለሁ።

ሙያ ሊለምዱ የሚመጡ ልጆችን
የቆመ ግንብ አላሳይም፤ መጀመሪያ
ማሳው ውስጥ የቀረውን፣ ማንሣት ያቃተንን
ያንን ትልቅ ድንጋይ አስነካቸዋለሁ።
«ጋሼ፣ የት ነው የተማርከው?» ይሉኛል።
መዶሻ መያዙን ደብረ ብርሃን፤
የቀረውን እዚህ ጓሮ፣ ላባ በምትለቅም ሴት ፊት
ተማርኩ እላለሁ፤
የቱን ተማርኩ እንደምል እነሱ ይቆፍሩት።