ሰበብ

በማለዳ መጣች መፍቱሃ አባ ጨብሳ፣
ከሰቃ ሚኒባስ ወርዳ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ፣
የአራት ዓመት ልጅ አዝላ። (ያ ዕድሜ አይታዘልም፤
እግር ያለው ልጅ በዚያ ዕድሜ እናቱን አይጠብቅም።)

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከላስቲኬ ጥላ ሥር፣
የጅማ ዝናብ እንደ ከሳሽ ጣሪያዬን ሲደበድብ፣
«ጻፍልኝ» አለች። ፌስታል ፈታች፤ ከውስጡ ሌላ ፌስታል፤
ከዚያ ውስጥ አንድ ካርድ፣ እጥፋቱ ላይ ያለቀ።
የነዒማ ስም አለ። ቀኑ አለ። የብልቃጡ ቁጥር ግን፣
ላብ ይሁን ዝናብ እንጃ፣ ሰማያዊ ሆኖ ለቀቀ።

ጻፍኩ። «ከሳሽ፦ ሞግዚትና እናት።
ተከሳሽ፦» ብዬ ቆምኩ።
ማንን ልበል? ጣቢያውን? ቢሮውን?
ባሕር ማዶ ተቀምጦ ብልቃጡን የሞላውን?
«ነርሷን እንዳትጽፍ» አለች። «ሲስተር ደሚቱ ደግ ናት፤
ያን ዕለት ጓንቷን ነፍታ ለልጄ ፊኛ ሠራችላት።»
ቦታውን ለጊዜው ክፍት ተውኩት።

ሐሙስ መርፌ። ዓርብ ትኩሳት።
እሑድ ግራ እግሯ እምቢ አለ።
በሐሙስና በእሑድ መካከል ምን ነበረ? ማን አለ?
ሐኪሙ ጽፏል፤ ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቃሉም አይዋሽም፦
«ግንኙነቱን ማረጋገጥም ማስተባበልም አልተቻለም።»

«ሰበባ ሊልሞ ሳና» ትላለች እሷ፣ በዚያ መርፌ ሰበብ።
እኔ በአማርኛ አስባለሁ፤ በአማርኛ ደግሞ ሰበብ
ምክንያትም ነው፣ ማመካኛም፤
ሁለት አፍ ያለውን ቃል ዳኛ ባንዱም አያምንም።
ሃያ ዓመት እዚህ ስቀመጥ የተማርኩት ይህን ነው፦
«በኋላ» ካሳ የለውም፤ ካሳ ያለው «በምክንያት» ነው።

«የካሳው መጠን?»
የአንድ እግር ዋጋ ስንት ነው?
እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ በጭቃ፣ ስንት እርምጃ ነው?
«አንተ ታውቃለህ» አለች።
ከጠረጴዛዬ ሥር ክራንቼን አይታዋለች።

እኔ ስወለድ ክትባቱ መንደራችን አልደረሰም፤
አንድ ክረምት ወሰደኝ፣ ሲመልሰኝ እግሬን አልመለሰም።
ያልመጣውን ብልቃጥ የት ሄጄ ልክሰሰው?
ያልተጻፈ ካርድ በስንት ቁጥር መዝገብ ይከፈትለታል?
ይህን አልነገርኳትም።
ስብራት በስብራት አይታሽም።
ነዒማ ግን ክራንቼን ጎትታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣
ፈረስ አደረገችው፤ ጋለበች።

«በደሃ ደንብ ይታይልኝ» የሚለውን ጨመርኩ።
«ምክንያት»ን ሰርዤ «በኋላ» አልኩ፤
ደግሞ ያንን ሰርዤ «ምክንያት»ን መለስኩ።
ካርቦኑ ግን ስርዝ አያውቅም፤
ከሥር ባለው ቅጂ ላይ ሁለቱ ቃላት ተነባብረው፣
የትኛው የትኛውን እንደሚሸፍን አይለይም።

ብሯን ከመቀነቷ ስትፈታ፣ ድንገት ዝቅ ብላ፦
«ታናሿ ዘጠኝ ወር ሞላው። የሚመጣው ሐሙስ ተራው ነው።
ላስከትበው?»
ዝናቡ እንኳ ትንሽ ጋብ አለ።
«አስከትቢው» አልኳት።
«እሱስ ቢታመም? አንተን ልክሰስ?»
እየሳቀች ነው፣ ዓይኗ ግን አይስቅም።
«ያኔ ስሜን አስጽፊ» አልኳት።
«ተከሳሽ ከሚለው ፊት
ቦታው ገና ክፍት ነው።»