ሰባተኛው ሰከንድ

ሳስካቱን፣ ጥር ወር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
መስኮቱ በውርጭ ተለስኗል፣ አይታይም መንገድ።
ከስድስተኛ ክፍል ኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር፣
ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ተቀምጫለሁ ልቆጥር።

ሥራዬን «ጥናት» ይሉታል፤ እኔ ቆጠራ እለዋለሁ፤
መምህርት ጠይቃ ዝም ስትል፣ ዝምታዋን እለካለሁ።
አምና አሥራ አራት እጩ መምህራን ለካሁ፤
ከአንድ ሰከንድ ያለፈ ዝምታ ከሦስቱ ብቻ አገኘሁ።
የቀሩት፣ ጥያቄያቸውን መሬት ሳይነካ አንሥተው፣
ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው መልሰው፣
«ጎበዝ!» ብለው ያልፋሉ፣ ማን እንደጎበዘ ሳይለይ፤
(ለዚህ ቅጹ ሣጥን የለውም፤ በእርሳስ ጻፍኩት ከላይ።)

ዛሬ ተራው የላሪሳ ነው፤ የስንዴ ገበሬ ልጅ፣
ትራክተር የገራ፣ ጠመኔ ሲይዝ የሚርድ እጅ።
ትናንት ማታ ደወለችልኝ፣ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ፦
«ባያውቁስ? ዝም ብለው ቢያዩኝስ፣ ክፍሉ በሙሉ በድኖ?»
«ቁጠሪ» አልኳት። «እስከ ስንት?» «ሰባት።» «ሰባት ዓመት ነው!» አለች፤
ሳቀች፤ ከልቧ ይሁን ከፍርሃት ሳልለይ፣ ዘጋች።

አሁን ጠረጴዛዋ ላይ፣ እዚሁ ክፍል ያደሩ፣
የብረት መጥበሻና የጥድ ጣውላ። ልጆቹ ዳሰሱ፣ አነጻጸሩ፤
«ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ ይሞቃል» ብለው መሰከሩ።
ሁለት የበረዶ አንጓ፣ ከአንድ ቅርጽ የወጡ መንትያ፣
አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።
«ቶሎ የሚቀልጠው የቱ ነው?» ጣት ሁሉ ወደ ጣውላ!
በረዶው ግን አልሰማቸውም፤ ብረቱ ላይ ያለው ላላ፣
ተንሸራተተ፣ ውሃ ሆነ። የጣውላው፣
እንደ ኩሩ እንግዳ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆየ፤
ክፍሉ ያመነው ነገር፣ በገዛ ዓይኑ ሲፈርስ አየ።

«ለምን?» አለች ላሪሳ።
ሰዓቴን ተጫንኩ።

አንድ። ማሞቂያው ቧንቧው ውስጥ ያንኳኳል።
ሁለት። ፋርዛና የእርሳሷን ጫፍ ታኝካለች።
ሦስት። የላሪሳ ከንፈር ተከፈተ፤ መልሱ ጥርሷ ሥር ደርሷል።
(«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የተባልነው እኛ ነበርን፣ ተማሪዎቹ፤
ተረቱ ለመምህር እንደሚሆን ማን አሰበ?)
አራት። ዘጋችው።
አምስት። በረዶ ጠራጊ መኪና በደጅ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
ስድስት። እኔው ልናገር ደረስኩ።
የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ቦርዱን ሞልቼ፣ አጥፍቼ፣
«ጥያቄ አለ?» እያልኩ ከበሩ የምወጣ።
መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፤
ማን አስተማረን ግን መጠበቅ?

ሰባት።
ኮልቢ። ቅጼ ላይ ሦስት ጊዜ «አይሳተፍም» የተባለው፣
የታችኛው ከንፈሩ የተላጠው።
«ባለፈው ሳምንት» አለ፣ ጫማውን እያየ፣
«ምላሴን የዥዋዥዌው ብረት ላይ አስነካሁ። ተጣበቀ።»
ሳቁበት። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።
«ስለቀዘቀዘ መስሎኝ ነበር። ግን የእንጨቱ አጥርም እዚያው ነው ያደረው፤
ያው አንድ ብርድ ነው ያገኛቸው።
ብረቱ ቀዝቃዛ አይደለም። ርቦት ነው።
የምላሴን ሙቀት በላው። በረዶውን ደግሞ...»
ቆመ። ማንም አልገፋውም።
«በረዶውን ደግሞ አበላው። ቶሎ ይወስዳል፣ ቶሎ ይሰጣል።
እንጨት ስስታም ነው።»

ላሪሳ «ጎበዝ» አላለችም።
«እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች፤
ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሳንቲም ያለው፣ ድንጋይ ያለው፣
ጓንቱን አውልቆ «ይሄስ?» የሚል፤
ጠረጴዛው በአንድ አፍታ ገበያ ሆነ።

ቅጼ ሦስት ዓምድ አለው፦ ትክክል፣ ስህተት፣ ከርዕስ ውጭ።
«ርቦት ነው» ወዴት ይግባ?
ባዶውን ተውኩት፤ አማካሪዬ ይቆጣ።
ሰዓቴንም ማቆም ረስቼ፣
እስከ ምሳ ደወል ኪሴ ውስጥ ብቻውን ሲሮጥ ነበር።

ስወጣ ጓንቴን አወለቅሁ፤
የውጭውን በር የብረት እጀታ በባዶ እጄ ያዝኩ።

በላኝ።