አውራ ጣት

አርባ ዓመት ቆሜያለሁ ባቲ ገበያ ላይ፣
ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ከሚዛኔ ጋራ፣ በጠራራው ፀሐይ።
የማሽላ ጆንያ፣ የሰሊጥ ከረጢት፣
በግመል የወጣ ጨው፣ ከደጋ የወረደ የባቄላ ክምችት፣
ሁሉም በእጄ አልፏል።
ታዲያ ሰው አያውቅም፣ ሚስቴ ግን ታውቃለች፣
ከሚዛኑ ሳህን ጥግ አንዲት አውራ ጣቴ ሁልጊዜ ነበረች።
ጫን ታደርጋለች፣ ለሩብ ኪሎ ያህል፣
ማን ያያታል ብዬ፣ በዚያ ሁሉ መሐል።

አሁን ስድሳ ስምንቴ።
ልብህ ደክሟል አሉኝ፤ ስኳርም ገብቷል ቤቴ።
ደሴ ሆስፒታል ተኝቼ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣
"ቤትዎ ያገግሙ፣ ነርስ ትመጣለች" አሉ።

መጣች ሲስተር እማዋይሽ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቤቱን ተመልክታ።
ጓዳ ዘልቃ ገብታ የጨው ዕቃ አየች፣
የሻይ ማንኪያ ለምና፣ ለሚስቴ ለሙሐባ ለክታ ሰጠች፦
"ይቺ ለመላው ቤት፣ ይቺ ለመላው ቀን።"
ሳቅሁ። ጨው በኩንታል የመዘንኩ ሰውዬ፣ በማንኪያ ልመዘን?
"ስኳርስ ስንት ማንኪያ?" አለችኝ። "አራት ነው።"
"በቀን?" "የለም፣ በስኒ!" ሙሐባ ናት የመለሰችው።

ኢንሱሊኑን ደግሞ፣ ፍሪጅ ለሌለን ሰዎች፣
ባቲ ቆላ ነውና፣ ሸክላ በሸክላ ውስጥ አስቀምጣ አሳየች፤
በመሐሉ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ውሃ፣
"ጧት ማታ አርጥቡት፣ እንዳይሆን በረሃ።"
ሙሐባ ፊደል አልቆጠረችም፤ የመርፌውን መስመር ግን በጥፍሯ ቆጠረች፣
እኔ ዓይኔን ስጨፍን፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ሆዴ ላይ ወጋች።

ከዚያ ሚዛን መጣ።
ጠፍጣፋ ነው፣ ትንሽ፤ ሳህን የለው፣ ድንጋይ።
"ጧት ሽንትዎን ሸንተው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ይቁሙ እዚህ ላይ።
ቁጥሩን ይጻፉት። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣
ስብ እንዳይመስልዎ፤ ውሃ ነው፣ ልብዎ መግፋት አቅቶት ከውስጥ የቀረ።"

እኔን ሚዛን ልታስተምር! በእርጅናዬ ገና!
ጻፍኩላት ግን በየጧቱ፤ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ፤ ቀጥ ያለ ጎዳና።

እግሬ ግን አበጠ፤ ጫማዬ እምቢ አለ፣
ትራሴ ሦስት ሆነ፤ ትንፋሼም ዳገት እንደያዘ አህያ ቆም ቆም እያለ።

ሐሙስ መጣች ሲስተር። ደብተሩን ገለጠች። እግሬን በአውራ ጣቷ ጫነችው፣
የጣቷ ጉድጓድ ቀረ፤ እስኪሞላ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀችው።
"ይውጡ እስቲ፣ እኔ ፊት።"
ወጣሁ፤ እንደ ልማዴ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ፣ በብልሃት።
ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣
"ጋሽ እንድሪስ፣ ግድግዳውን ይልቀቁት።"
ለቀቅሁ።
ሰባ አምስት።

ሙሐባ ከበሩ ሆና ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣
"አርባ ዓመት ገበያ ያልያዘውን ጣት፣ ይኸው ሴት ልጅ ያዘች!"

አልተቆጣችኝም፤ ለሐኪሙ ደወለች፤ ክኒኑ ጨመረ።
ሌሊቱን ከደጅ ስመላለስ፣
አርባ ዓመት የበላሁትን የሰው ሩብ ኪሎ፣ ጠብታ በጠብታ እንደምከፍል ነበረ።

አሁን ሰባ አንድ ነኝ። የእውነት ሰባ አንድ።
ሙሐባ ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን ውስጥ እግሬን ታገላብጣለች፣ ጣት ለጣት፣ አንድ ባንድ፤
እሾህ ቢወጋኝ አላውቅ፣ ስኳር አደንዝዞታል፣
"አንተ ባይሰማህ እኔ ላይልህ" ትላለች። ይኼስ ምን ይባላል?

ረመዳን ሊገባ ነው። ልጾም ፈልጌ ነበር።
ሲስተር እምቢ አለች፤ ሸሁም አልፈቀዱ፦ "ለማይድን ሕመም አትጨነቅ፣ አብሽር፤
ስለ ጾምህ ፈንታ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን አብላ።"

ስለዚህ ትናንት አሮጌ ሚዛኔን ከቆጥ አወረድኩ፤
አቧራውን ጠርጌ፣ የሠላሳ ቀን ማሽላ፣ አንድ በአንድ መዘንኩ፤
አውራ ጣቴን አጥፌ፣ ከመዳፌ ውስጥ ቀብሬ፣
ሳህኑ እስኪረጋ ድረስ፣ ትንፋሼን ቆጥሬ።

"አንተ፣" አለች ሙሐባ ከጓዳ፣
"አሸዋው ደርቋል እኮ።"