ተረጋግጧል

ሰዓቱ ሰባት ነው፤ ወሩ ግንቦት ነበር፣
የከዚራ ዛፎች ጥላቸው ሲያጥር።
መኪናዬ ታጥባ፣ ዘይቷ ተቀይሮ፣
ሁለት ገጽ ወረቀት መሪዋ ላይ ታስሮ
ከኩባንያው ግቢ ተረከብኳት።

ፍሬን፦ ተረጋግጧል። ጎማ፦ ተረጋግጧል።
ቀበቶ፣ ጡሩምባ፦ እሱም ተረጋግጧል።
ኤሲ፦ ተረጋግጧል።
ከግርጌው ፊርማ አለ፣
ቀለም አልቆ ኖሮ ግማሹ በጭረት የተሳለ።

ታይዋን ሳልደርስ ቁልፉን ተጫንኩት፣
እጄን ማስወጫው ፊት ለፊት ዘረጋሁት።
ወጣ።
የዳቦ ቤት ምድጃ ሰው የከፈተ ይመስል፣
ሽታው ብቻ ጎደለ እንጂ፣ ዳቦ የሚያበስል።

ከስምንት ቀን በፊት፣ ለእነሱ ሳልሰጣት፣
የሂንዲያን የሠርግ ኬክ ሦስት ፎቁን ጭኛት
መልካ ጀብዱ ድረስ፣ በዚያ አቧራ፣ በዚያ ፀሐይ፣
አንዲት የክሬም አበባ አንገቷን አልደፋችም፣ ወይ!

ተመለስኩ።
ከመስታወት ኋላ አንድ ልጅ፣ በግንቦት ጃኬት ደርቦ፣
ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆየ አስቦ፤
«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ብሎ አረዳኝ።
«እናንተ ዘንድ ሲገባ ነፍስ ነበረው» አልኩት።
«አጋጣሚ ነው።»
«እንግዲያው ቀብሩ ስንት ነው?»
«ከነቫቱ፣ ከነእጅ ዋጋው፣ ዘጠና ሁለት ሺህ ነው።»

አባቴ፣ ሙሴ ዘርጋው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ለሰው ቃል ጆሮው ደክሟል፤ ለብረት ግን ዳኛ።
በአቴልዬው ዘመን፣ ፉርጎ ከጅቡቲ ሲገባ፣
የመዳፉን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ ሲያሳርፍ
የቱ ትኩሳት እንዳለበት ያውቃል፣ የቱ በሰላም እንደሚያልፍ።

ሐሙስ ሐኪም ጋ ስወስደው፣ ግፊቱ ሊለካ፣
ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆምን፤ ባጃጁ ሁሉ ሲንጫጫ፣ ሲንካካ።
ያችን ወረቀት ሁለት ላይ አጠፍኳት፣
አራገብኩለት።
ለዚህ እንኳ በጀች።

«ዝም በይ» አለኝ። ዝም ብዬ ነበር።
ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግቶ
«ክፈቺው… ዝጊው… ክፈቺው» አለ፣ ጣቱን አንሥቶ።
«ጠቅ አላለም።»
«ምኑ?»
«የሞተ ያንቋርራል፣ ይፋጫል፣ እንዲህ ዝም አይልም።
ይሄ አልሞተም። አልጠሩትም።»

ድልድዩን ተሻግረን፣ ከአንድ የሲሚንቶ መደብር ጥግ
ሞተሩን አስጠፋኝ፣ ኮፈኑን አስከፈተኝ፣
ከዘራውን አስያዘኝ።
ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ወገቡን ፈራሁለት።
ከቀበቶው ጎን፣ ዘይት ሲቀይሩ ነቅለው የረሷት
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሶኬት
በሽቦዋ ተንጠልጥላ አገኛት።
ገፋት።
«አስነሺ።»

ጠቅ።

ዘጠና ሁለት ሺህ ብር፣ ከነቫቱ፣ ጠቅ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ቅዝቃዜው መጣ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣
ከዚያ የደንገጎን ዳገት፣ የንጋቱን ጉም አስከትሎ።
ልስቅ ስል፣ ልሳደብ ስል፣ ወደ ኩባንያው ላዞር ስል መሪውን፣
አባቴ እጁን ወደ ማስወጫው ሰደደ፣ የመዳፉን ጀርባ፣ ያንኑን።
አቆየው፤
እንደ ድሮው ትኩሳት ፈለገ፣ አጣው።
«ይሠራል» አለ።
ከዚያ ኮቱን ሰበሰበ፣ ክንዱ እጅጌው ውስጥ ጠፋ።
መቼ ነው እንዲህ የቀጠነው? የት ነበርኩ እኔ ሥጋው ሲጠፋ?
«ዝጊው ልጄ፣ በረደኝ።»

ዘጋሁት።
አራቱንም መስኮት አወረድኩ።
የድሬ ቀትር ገባ፣ ማንም ሳይፈርምለት።
ሐኪም ቤት እስክንደርስ እሱ ፀሐይ እየሞቀ፣
እኔ በ«ተረጋግጧል» ፊቴን እያራገብኩ፣ ላቤ እየፈለቀ።