ማሳ ፍለጋ

ሶማሌ ተራ ነው፣ ከጎማ ክምር ሥር፣
ሸራዬ እንዳጋተ ጡት ዝናብ ሲቋጥር፣
ዘውገ ሚኒባሱን በግንባሩ ሰጥቶ
«ዛሬ ትጨርሳለህ» አለኝ፣ ካርቶን አምጥቶ።
ጥቁር አምፕሊፋየር፣ ጀርባው ሚዶ መሳይ፣
ስሙ የተላጠ፣ የስንት ሰው ሲሳይ።
«ደረት ይምታ» አለኝ፣ «ከለገሃር ስነሳ
ሜክሲኮ ያንቀላፋው ሰልፈኛ ይነሳ!»
ረዳቱ ቡሽራ ሳቀ። በዋጋ ተሟገትን፤
እሱ ግማሽ አለ፣ እኔ ሩብ፤ ዝናቡ አስታረቀን።

መጀመሪያ የባትሪውን ጥቁር ሞርሴቶ ፈታሁ።
(ጥቁሩን ሳይፈታ እጁን የሰደደ
እሳት ይጨብጣል፣ ይል ነበር ጋሽ ሙዘይን፣
ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየን።)
ቀዩን ሽቦ፣ አውራ ጣት የሚያህለውን፣
በሞተሩ ግድግዳ ጎማ አልብሼ አሾለክኩት፤
ፊውዙን ከባትሪው ስንዝር አራቅኩና
እሳት ሲመጣ ደጅ ላይ የሚሞት ዘበኛ አድርጌ አቆምኩት።
ቀዩ በግራ ሄደ፣ ከምንጣፉ በታች፣
የድምፁ ቀጭን ገመድ በቀኝ፤
እንደተኳረፉ ባልና ሚስት፣
ጎን ለጎን ካደሩ ያጉረመርማሉና።
ሰማያዊዋን ክር ከቴፑ ጀርባ ወሰድኳት፤
ሥራዋ አንድ ነው፣ «ተነስ፣ ጌታህ ነቅቷል» ማለት።

ቀረ ጥቁሩ። ማሳ የምንለው።
ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል ነው ይላል ጋሽ ሙዘይን፤
እኔን ግን በጠራሁት ቁጥር
ጤፍ ይሸተኛል።

ከኋላ ወንበር ሥር ቀለሙን ፋቅ ፋቅ፣ ብሎኑን ጠበቅ፣
ሞተር ተነሳ። ዘውገ ፍላሹን ሰካ።
ከዘፈኑ በፊት ለቅሶ መጣ።
ነዳጁ ሲረገጥ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ፣
አልቃሽ የተቀጠረች ይመስል ስፒከሩ ውስጥ፣
ዲናሞው በዞረ ልክ እዬዬ።
«ምን ሆኖ ነው?»
«ማሳ አጥቶ» አልኩት።

ፋቅኩ።
ከሰማያዊው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣
ከአረንጓዴው ሥር ግራጫ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የሚፈረፈር፤
ስቱኮ ነው። እስከ ጣቴ አንጓ ስቱኮ።
ይህች መኪና ተገልብጣ ታውቃለች፤
እኔም ብሎኔን ያሰርኩት ቁስል ልጣጭ ላይ ነበር።
ዘውገ ምንም አላለም።
ሲገዛት «ጭረት አታውቅም» ብለው
በልጆቻቸው ምለውለት ነበር።

አባቴ ቡልቡላ ማሳ ነበራቸው፤
ካሳውን ተቀበሉ፣ ፈረሙ በጣታቸው።
ዓመት አለፈና አንድ እሑድ ወሰዱኝ፣
ከኮንዶሚኒየሙ መሐል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አቆሙኝ፤
በጫማቸው ተረከዝ አስፋልቱን መታ መታ፣
«ከሥር አለ። አፈር የት ይሄዳል፣ የኔ ጌታ?»
እኔ ልጅ ነበርኩ።
ዘበኛው ቀና ብሎ ሲያየን
አፈርኩ።

በካቻቢቴ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ በጥፍሬ።
ቡሽራ በሆዱ ተኝቶ በስልኩ እያበራ
«አለ! አለ! ብረት አለ!» ሲል
አንዲት ሳንቲም የምታህል ብልጭታ
ከግራጫው መሐል አየችን።
እዚያች ላይ አሰርኩት።

ሞተር ተነሳ። ለቅሶ የለም።
ከዚያ ቤዙ መጣ፣ በጆሮ ሳይሆን በወንበሩ፣ በጉልበት፤
የሸራው ውሃ በክብ በክብ ተንቀጠቀጠ፣
የጎረቤት ስፖኪዮ ክምር ጥርሱን አንቀጫቀጨ፣
ከማዶ አንዱ «ኧረ ቀንሱት!» ብሎ ጮኸ፤
ዘውገ ጨመረው።
ግማሹን ከፈለኝ። ቀሪውን ነገ ያመጣል፣ እንግዲህ ነገ ከመጣ።

ሲሄዱ እጄን አየሁት፦
ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ።
ድምፁ ቁልቁል ወደ ተክለሃይማኖት ሲርቅ
እግሬ ሥር ድም፣ ድም ይላል ገና።
ሰው አለ የለም ብዬ ዞር ዞር አልኩና
በተረከዜ መሬቱን
መታ መታ አደረግኩት።