ጎማ አልባ

እኔ በርጩማ ነው ስሠራ የኖርሁት፣
ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግር ያወጣሁት።
ውሃ አላውቅም፤ ዋናም አልችል።
ነዚፍ ነው የመጣው፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣
ሸሚዙን አውልቆ ትከሻውን እንዳይ፤
የገመዱ መንገድ ቀይ ሆኖ ተሰምሯል፣
ከአንገቱ እስከ ብብቱ ቆዳው ተልጦ አድሯል።

ከቦዬ ረግረግ እስከ አስፋልቱ ጫፍ
መረቡን፣ መቅዘፊያውን፣ የበረዶውን ሣጥን
በጀርባው ነው የሚያልፍ።
ጋሪ ቢሞክሩ ጎማው ይዋጥና
አህያዋ ቆማ ታያለች በጽሞና።
ዚያድም ባጃጁን አስፋልት ዳር አቁሞ
ጡሩምባ ይነፋል፣ ይነፋል ደጋግሞ።
ነዚፍ እያለከለከ ደርሶ ሣጥኑን ሲከፍተው
በረዶው ውሃ ነው፤
ቆሮሶው ይዋኛል
ከሞተ በኋላ።

እኔ ጭቃ ስለው እሱ ዶቄ ይላል፤
በሁለቱም ስሙ ጫማ ግን ይበላል።

ነገሩን ያየነው ሂርማታ ሻይ ቤት፣ ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ላይ፤
ሐይቅ ደርቆ እንደ ድንጋይ፣
ሰዎች ቀዳዳ በስተው ዓሣ ሲስቡ በክር፣
ጎማ የለው፣ ሞተር የለው፣ ዕቃቸው በሳንቃ ሲበር።
ነዚፍ ሻዩን ረሳው። «ያ በረዶ፣ ይሄ ጭቃ፤
ለሚንሸራተት ምን ልዩነት አለው? ያው ሳንቃ!»

አራት ክንድ፣ ሁለት ሳንቃ፣ ጠረብኩኝ ከዋንዛ፣
አፍንጫቸው ቀና እንዲል በርሜል ላይ ታጠኑ፣ እንጨቱ እስኪገዛ።
የመጀመሪያው ጧ! አለ፤ ቸኩዬ ነው ያጎበጥኩት፤
ሁለተኛውን ግን ሌሊቱን ድንጋይ ጭኜ አሳደርኩት።
ከሥር የዘይት ጀሪካን ቀድጄ፣ ቢጫውን፣ ስመታበት
ሲቲና መጣች፣ ባለቤቴ፤ በሩ ላይ ቆመች፣ አየችበት።
«የሆቴሉ ስድስት በርጩማስ?» አለችኝ ቀስ ብላ፤
አፌ ሙሉ ምስማር ነበር፤ መልሱን አቆየሁ ለኋላ።

ቅዳሜ ቦዬ ወረድን። ሣጥኑን ስንጭንበት
እንደ ቢላ ገብቶ ቀረ፤ ሣር አጫጆች ሳቁበት።
ነዚፍ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣
አልተሳደበም እንኳ።
አንዲት ወፍ ብቻ፣ ጣቶቿ ቀጫጭን እንደ ሸረሪት፣
በውሃ አበባ ቅጠል ላይ ታልፍ ነበር ያን ሰዓት፤
አትሰምጥም። ቅጠሉም አይሰምጥ።
የነዚፍ ልጅ ራውዳ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አየቻት፤
«አባ፣ እግሯ እኮ ሰፊ ነው» አለች።
ሌላ ምንም አላለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ እግር ስቀርጽ፣ ሲቀጥን ነው የሚያምር ብዬ!
ተመለስኩ፤ ሳንቃ ጨመርኩ፤ እጥፍ አሰፋሁት፣ አፍሬ በሙያዬ።

በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ገመዱን ያዝን ሁለታችን፤
አንዴ ሳብን፤ ሄደ።
በአፍጢማችን ልንደፋ ነበር፣
ክብደት ስንጠብቅ ክብደቱ ሲከዳን።
ድምፁ ሹ… ሹ… ይላል፤
ሰው በሹክሹክታ ሰው እንደሚያማ።
አስፋልቱ ጋ ሣጥኑ ሲከፈት በረዶው አለ፣
ጥግ ጥጉ ብቻ ዶለዶመ፤ ቆሮሶው በላዩ ጋደም አለ።
ዚያድ ጡሩምባ አልነፋም። ወርዶ ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ
ጎማ ፈለገ ከሥሩ፤ ሳቀ፣ ራሱን ነቅንቆ።

ስሙ እስከ ዛሬ አልጸናም።
ነዚፍ «በቅሎዬ» ይለዋል፣ ልጆቹ «ሸርተቴ» ይላሉ፣
ዚያድ «ጎማ አልባ»፤ ሲቲና «ዕዳህ» ብላው አረፈች።
ትናንትና ሌላ ዓሣ አጥማጅ «ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤
ዋጋ ለሌለው ስም እንጂ፣ ስም ለሌለው ዋጋ
እንዴት ይወጣል? ዝም አልኩ።

ማታ ለብቻዬ ስመለስ ያለፍንበትን አየሁት፤
ሁለት መስመር፣ ሰፋፊ፣ ዝናብ ገብቶ ሞላቸው።
በግራኛው ውስጥ፣ ጥፍር የማታክል ዓሣ
ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፤ መውጫ የላትም።
ዓሣ አላውቅም እኔ፤ ግን ጎንበስ አልኩኝና
በጣቴ ትንሽ ቦይ ቀደድኩላት ወደ ረግረጉ፤
እስክትሄድ ቆየሁ።

የሆቴሉ በርጩማ አምስቱ ደርሰዋል።
ስድስተኛው አልተጀመረም፤
ዋንዛው ቦዬ ነው ያለው።