አደራ በላ

በዚያ አገር ክረምቱ አይዘንብም፣ ይከመራል፤
ውሃ ነጭ ለብሶ ሜዳ ላይ ቆሞ ያድራል።
ኩልፓሽ በትራክተር ትልም ታወጣበታለች፤
አፈሩን አይደለም፣ በረዶውን ታርሳለች፤
የካዛኮች ሜዳ ነፋስ እንዳይዘርፈው ክምር በክምር ሠርታ፣
ለግንቦቱ ዘር የሚጠጣውን አቆይታ።
«የሰማይ አደራ ነው» ትላለች፣
«መሬት ነቅታ አፏን እስክትከፍት።»

ከማሳው ባሻገር፣ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ፣
የብረት ማቅለጫው ቆሟል፣ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ።
በጥር ነፋሱ ዞረ።
መጀመሪያ እንደ ቁንዶ በርበሬ ጣል ጣል አለ፤
በሳምንቱ የተኛው ነጭ ሁሉ ከሰለ።

በእኛ ቋንቋ ሰው ሲታማ «ጥላሸት ቀቡት» ይባላል፤
እዚያ ሐሜት አይደለም፣ በእጅ ይዳሰሳል።
ነጩ በረዶ ፀሐይን ከደጅ ይመልሳት ነበር፤
ጥቁሩ ግን ግቢ አላት፣ አነጠፈላት፣
እንግዳዪቱም ቤቱን በላችው።

የካቲት ሳያልቅ በረዶው ፈሰሰ፤
ከሥሩ ያለው አፈር ገና ድንጋይ ነው፣ አልራሰ።
ውሃው አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ የሚከፍትለት አጣ፤
በቦዩ አድርጎ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ።
የጠፋ ነገር ሁሉ «ውሃ በላው» ይባላል፤
ውሃ ራሱ ሲጠፋ ማን በላው ይባላል?

ከጎተራው ጥላ ሥር አንድ ክምር ተርፎ ነበር።
ኩልፓሽ ሁለት ባልዲ ሞላች፤
አንዱን ከላይ ጠርጋ፣ ጥቁሩን፣
ሌላውን እስከ ጉልበቷ ቆፍራ፣
የታኅሣሡን፣ ጭስ ያላየውን።
ደረጃው ላይ ለፀሐይ አስቀመጠቻቸው።

ልጇ ቤይቢት ከሌሊት ፈረቃ መጣ፤
የዐይኑ ጠርዝ የተኳለ ይመስላል።
«እየው» አለችው።
ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጥቁሩ ውሃ ሆነ፣ ከታች ደለል፤
ነጩ ገና ቁልል ነው፣ ጫፉ እንኳ አልጎደለ።

ቤይቢት መዳፉን ባልዲው ውስጥ ነክሮ አወጣ።
ሲነክረውም ጥቁር ነበር፤
የቱ እድፍ የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።
ከዚያ ደመወዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
ናፍጣው የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው፤
በረዶው የሚታረሰውም በናፍጣው።

ኩልፓሽ ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው።
«አደራ በላ» አለች፤
ለጭሱ ይሁን ለገዛ ኪሷ፣ አልጠየቃትም።

ነጩን ባልዲ ግን አንስታ ወደ ቤት አስገባች፤
መስኮቱ ሥር በቆርቆሮ ያበቀለቻቸው
ሰባት የቲማቲም ችግኞች አሉ፤
ለእነሱ፣ እስኪቀልጥ ተቀምጣ ጠበቀች።